ለወላጅ የእንክብካቤ ቤት ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አባቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ እኔ ጋ መጡ። እኔም ባለቤቴም ቀን ሥራ ነን። ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ወድቀው ስናገኛቸው የእንክብካቤ ቤት ፍለጋ ጀመርን። ያኔ የተሳሳትናቸውን ነገሮች ዛሬም ሌሎች ሲደግሟቸው ስለማይ ነው ይህን የምጽፈው።

ከጀርባቸው መወሰን። እኔና ወንድሞቼ ማታ ማታ በስልክ ተማክረን ጨረስነው። አባቴ የሰሙት ከጎረቤት ነው። «ልትጥሉኝ ነው?» አሉኝ፣ ከዚያ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ሰው ምን ይለናል ብለን ፈርተን ነው የደበቅነው፣ ግን የሰው አፍ የትም አይቀርም። መጀመሪያ ለእሳቸው ንገሯቸው። አቅም ካላቸው ይዛችኋቸው ሂዱና ቤቱን ራሳቸው ይዩት።

ሁሉንም ማዕከል አንድ አድርጎ ማየት። ብዙ ሰው «የአረጋውያን ማዕከል» ሲባል መቄዶንያ ነው ትዝ የሚለው። መቄዶንያና መሰሎቹ ጧሪ ቀባሪ አጥተው ጎዳና ለወደቁ ሰዎች የተቋቋሙ ናቸው። መክፈል የሚችል ልጅ ያለው ሰው እዚያ አልጋ ሲይዝ የሌላውን ቦታ ይወስዳል። በክፍያ የሚያስተናግዱት ደግሞ ገና ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ ቤት ድረስ የሚመጣ አስታማሚ መቅጠርንም አብራችሁ አስቡበት።

በቀጠሮ፣ በጠዋት ሄዶ መመለስ። ትልቁ ስህተታችን ይሄ ነበር። በቀጠሮ የሄድንበት ቤት አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ ቴሌቪዥኑም ትልቅ ነው። ወደድነው፣ ቀብድ ልንከፍል ነበር። አንድ ቀን ግን ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ይዤ ሳልናገር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሄድኩ። አንድ አዛውንት አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሻያቸው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ ቀዝቅዟል፣ እጃቸው አይደርስበትም። እኔ አንስቼ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ይዘው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ለአሥራ አንድ ሰው ያለችው አንዲት ልጅ ነበረች፣ እሷም ከክፍል ክፍል እየሮጠች ነው። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ሥራው ግን ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፣ ሌሊትም ቢሆን። እና ቀለሙን ተዉትና «ሌሊት ስንት ሰው ያድራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽታውን አስተውሉ። ሽንት ቤቱንም ግቡና እዩት፣ ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ ጉልበት ለከዳው ሰው አይሆንም።

ሕመሙን ሸፋፍኖ መናገር። «ትንሽ ወገባቸውን ያማቸዋል» ብለን ነበር የተናገርነው፣ እንዳይመልሱን ፈርተን። እውነቱ ሌላ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የወንጂ የድሮ ጉድጓዶች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ (በሊትር 1.5 ሚሊግራም) በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበራቸው። ያንን ውሃ ዓመታት የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸውም ይጎዳል፣ አከርካሪያቸው ይደርቃል። አባቴ ዞር ብለው ለማየት መላ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት። እጃቸውን ስቦ የሚያስነሳቸው ሰው ያሳምማቸዋል፣ ከጀርባ ደገፍ ማድረግ ነው የሚያስፈልገው። ይሄን ለአስታማሚው አሳዩት፣ በቃል ብቻ አትንገሩት። መድኃኒቱንም ከነሰዓቱ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። የሚጾሙ ከሆነና ስኳር ካለባቸው ሐኪማቸውን ቀድማችሁ አማክሩ።

ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ማስላት። ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ ምርመራ፣ የሆስፒታል መመላለሻ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው። ወንድምና እህት ማን ስንት እንደሚያዋጣ ወላጃቸው ከመግባታቸው በፊት ይነጋገር። ከሌላ ወረዳ የመጡ ከሆነ የጤና መድን ደብተራቸው አዳማ ላይ ይሠራ እንደሆነ አጣሩ።

ቋንቋን መርሳት። ዕድሜ ሲገፋና መርሳት ሲመጣ ብዙ ሰው በልጅነቱ ወደተናገረው ቋንቋ ይመለሳል። የጎረቤታችን እናት አማርኛቸው ጠፍቶ ኦሮምኛ ብቻ ነበር የቀራቸው፣ ውሃ ጠማኝ ሲሉ የሚሰማቸው አጡ። አስታማሚዎቹ የወላጃችሁን ቋንቋ ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

እንደ እንግዳ መጠየቅ። በየእሁዱ በዚያው ሰዓት ብርቱካን ይዞ ሄዶ ሳሎን ተቀምጦ መመለስ ምንም አያሳይም። ቀኑን ቀያይሩ። ካልሲያቸውን አውልቁና ተረከዛቸውን እዩ፣ ጀርባቸውንም። ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው።

እድሩን ማቋረጥ። ይሄን እኛ ረስተነው ነበር። በኋላ ሌላ ቦታ ማግኘታችንን ስንነግራቸው አባቴ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ምግቡም ስለ አልጋውም አይደለም። «እድሬስ?» ነው ያሉኝ። ወንጂ ያለውን እድር ከአርባ ዓመት በላይ ከፍለዋል፣ የስንቱን ሰው ድንኳን ተክለዋል። እኛ ሦስት ወር ሳንከፍል አሳልፈናል፣ ጥቂት ብንቆይ ይሰረዙ ነበር። ሮጠን ውዝፉን ከፈልን፣ ለቅሶ ሲኖር በእሳቸው ስም የሚገኝ የአጎቴን ልጅም አስመዘገብን። አሁን ያሉበት ቤት ትንሽ ነው፣ መንገድ ዳር ስለሆነም ጫጫታ አለው፣ ግን ሌሊት ሁለት ሰው ያድርበታል። ወር በገባ ቁጥር የእድሩን ካርኒ እወስድላቸዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን ያነቡና አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይከቱታል።