ሰርቨሩን ያንቀረፈፈው ስዋፕ

ድሬዳዋ ከዚራ ያለ የሊኑክስ ሰርቨር ከሰዓት በኋላ ቀጥ ይል ነበር። ሁሉም የጠረጠረው ሙቀቱን ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈቶ ዲስክ ይጠብቃል።

«ፍሪ» የሚለው ትእዛዝ ነፃ ሜሞሪ (ራም) ትንሽ ነው ቢል አትደንግጡ፤ ሊኑክስ ትርፉን ለካሽ (ከዲስክ የተነበበውን ለጊዜው ለማቆየት) ይጠቀምበታል፣ ሲፈለግ ይለቀዋል። መታየት ያለበት «አቬይለብል» የሚለው፣ ማለትም ለፕሮግራሞች ሊሰጥ የሚችለው ሜሞሪ ነው። እሱም ተሟጧል። «ቪኤምስታት 1» ስል ደግሞ ከስዋፕ (ራም ሲጠብ ዳታ የሚዛወርበት የዲስክ ቦታ) ወደ ራም የሚመለሰውን የሚያሳየው «ኤስአይ» እና ወደ ስዋፕ የሚወጣውን የሚያሳየው «ኤስኦ» የሚሉት ዓምዶች በየሰከንዱ ይዘላሉ። ስዋፕ ውስጥ የተቀመጠ ነገር መኖሩ አይጎዳም፤ ማሽኑን የሚገድለው እንዲህ ያለማቋረጥ መመላለሱ ነው።

በ«ፒኤስ» ፕሮሰሶቹን በሜሞሪ ስደረድር ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል አንደኛ ወጣ። 8 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን የኢኖዲቢ በፈር ፑሉ (ዳታቤዙ ዳታውን ራም ላይ የሚይዝበት ቦታ) 7 ተሰጥቶታል፤ የድረ ገጽ ፕሮግራሞችን ለሚያስኬደው ፒኤችፒ ምን ይተርፋል? ወደ 3 አውርጄ ዳታቤዙን እንደገና አስነሳሁት። ሁለቱም ዓምዶች ዜሮ ላይ ረጉ። ስዋፑን አላጠፋሁትም፤ ራም ድንገት ቢጠብ ትንፋሽ ይሰጣል።