የሥራ ቦታ ጸብን በአስማሚ እንዴት መጨረስ ይቻላል

አስማሚ ዳኛ አይደለም። ጥፋተኛውን አይለይም፣ ካሳም አይቆርጥም፤ ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው ውሳኔ ላይ እንዲደርሱ ንግግሩን ይመራል እንጂ። ይህ አስቀድሞ ካልተነገራቸው እያንዳንዳቸው ማስረጃ ተሸክመው ይመጡና አስማሚውን ሲያሳምኑ ይውላሉ፤ እርስ በርስ ግን አይነጋገሩም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉዳዩ ለዚህ መንገድ ይመቻል ወይ የሚለው ነው። የሥራ ድርሻ መደራረብ፣ ባልደረቦች መኮራረፍ፣ በባለሙያና በደንበኛ መካከል የተነሣ የክፍያ ወይም የጥራት ክርክር፣ የሸሪኮች መለያየት ይመቻሉ። ጾታዊ ትንኮሳ፣ ዛቻና የስርቆት ጥርጣሬ ግን መጣራትና መወሰን አለባቸው። አንዱ ሌላውን እየፈራ «እሺ» ያለበት ወረቀት ብዙም አይቆይም።

የቅርብ አለቃ አስማሚ መሆን የለበትም፤ ዛሬ የሰማውን ነገ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ አይረሳውምና። ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ቢሄድ የሚሳተፍ የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛም እንዲሁ። ሁለቱም ወገኖች የታጨውን ሰው የመቃወም መብት ይኑራቸው። ክፍያውን አሠሪው ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ይወቀው፤ በኋላ ከሌላ ሰው ከሰማው አስማሚውን «የእነሱ ሰው» ይለዋል።

ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ገጽ የመግቢያ ስምምነት ይፈረማል። በድርድሩ የተባለ ነገር በፍርድ ቤት ማስረጃ እንደማይሆን፣ አስማሚው ለምስክርነት እንደማይጠራ፣ ማንም በፈለገ ጊዜ መውጣት እንደሚችል ይጻፍበት። የሚስጥሩም ወሰን ይነገር፤ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያለበት ወሬ በሚስጥር አይያዝም። ለአሠሪው የሚደርሰው ምን እንደሆነም አስቀድሞ ይወሰን። ብዙ ጊዜ «ተስማምተዋል» ወይም «አልተስማሙም» የሚለው ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይርጋን፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበትን የጊዜ ገደብ ነው። ማስማማት በመጀመሩ ብቻ የይርጋ ጊዜ ይቆማል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው፤ የሥራ ክርክር ይርጋ ደግሞ በብዙ ቦታ አጭር ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን በቅድሚያ ከሕግ ባለሙያ ማረጋገጥ፣ ቀኑ ከቀረበም ክሱን አስመዝግቦ ድርድሩን መቀጠል ይሻላል።

ከጋራው ስብሰባ በፊት አስማሚው እያንዳንዱን ለብቻው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያነጋግራል። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ምን ሆነ? ምን ቢለወጥ ሥራዎ ይቀልልዎታል? ካልተስማማችሁስ ምን ያደርጋሉ? ከባዱ የመጨረሻው ነው። ክስ የሚወስደውን ጊዜና ገንዘብ፣ ወይም ሥራ መልቀቅ የሚያስከትለውን ያላሰላ ሰው የቀረበለትን ሐሳብ በምን ይመዝነዋል? እግረ መንገዱን የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ይጣራ። ድርጅቱን ወክሎ የመጣው ሰው ከሰዓታት ንግግር በኋላ «ለበላይ ላቅርበው» ካለ ቀኑ ባክኗል።

ለጋራው ስብሰባ ከ3 እስከ 4 ሰዓት መመደብ፣ ከአንዱ የጋራ ክፍል ሌላ ሁለት ትናንሽ ክፍሎችም ማዘጋጀት ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ሳይቋረጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይናገራል፤ ሌላው ይጽፋል እንጂ አይመልስም። ከዚያ አስማሚው ክሱን ወደ ጥያቄ ይቀይረዋል። «ሥራዬን የራሱ አስመስሎ አቀረበ» የሚለው ሰሌዳው ላይ ሲወጣ «በሪፖርት ላይ የማን ሥራ መሆኑ እንዴት ይገለጽ?» ይሆናል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ መከራከር እንጂ መወሰን አይቻልም።

ቶሎ ወደ መፍትሔ መሮጥ የተለመደ ስሕተት ነው። ንዴቱን ያልተናገረ ሰው ጥሩ ሐሳብ ቢቀርብለትም አይቀበልም። «ይቅርታ ጠይቅ» ብሎ መጫንም ነገር ያባብሳል።

ንግግሩ ሲቆላለፍ ለየብቻ ማነጋገር ይረዳል፤ ግን ለሁለቱም ተመሳሳይ ጊዜ ይሰጥ። ከእያንዳንዱ ንግግር ማብቂያ ላይ «ለሌላው እንዳይነገር የሚፈልጉት የቱን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። አንዲት ቃል ካፈተለከች አስማሚው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም።

ስምምነቱ በዚያው ዕለት ይጻፍ። «በመከባበር ይሠራሉ» የሚል አንቀጽ ተጣሰ አልተጣሰም ማለት አይቻልም። «የንድፍ ባለሙያው ረቂቁን በየሳምንቱ ሐሙስ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በኢሜይል ይልካል፤ የፕሮጀክት መሪው አስተያየቱን እስከ ዓርብ 6 ሰዓት ይመልሳል፤ አስተያየት በሌሎች ፊት አይሰጥም» የሚለው ግን ይለካል። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ካልሆነስ ምን፤ አራቱም በየአንቀጹ ይኑሩ። የመክሰስ መብትን የሚያስቀር አንቀጽ ካለ ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ያማክር፣ ቢያንስም አንድ ሌሊት ይደርበት።

በተለያዩ አገሮች ባሉ ተቋራጮች መካከል የንግድ ክርክርን ለመጨረስ በአስማሚ የተደረሰ ስምምነት፣ የሚፈጸምበት አገር አባል ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በጸደቀው የሲንጋፖር ኮንቬንሽን (በአስማሚ ስለተደረሱ ስምምነቶች የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ውል) መሠረት ሊፈጸም ይችላል። ኮንቬንሽኑ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳዮችን ግን በግልጽ ያስወጣል፤ ለእነዚያ የየአገሩ ሕግ ነው የሚሠራው።

ከ30 እና ከ90 ቀን በኋላ አጭር የክትትል ስብሰባ ይያዝ። አንድ አንቀጽ ብቻ ተሰናክሎ ከተገኘ ያ አንቀጽ ብቻ ይከለስ፤ ሌላው እንደጸና ይቀጥል።