ለአንድ ተማሪ በልኩ የሚሰፋ ትምህርት፤ በቴክኖሎጂ እየታገዙ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

በተለመደው የመማሪያ ክፍል ውስጥ የማይለወጠው ነገር ጊዜው ነው። ለአንድ ምዕራፍ ሁለት ሳምንት ይመደባል፤ ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ የገባውም ያልገባውም ተማሪ አብሮ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገራል። ከመቶ 60 ያገኘ ልጅ «አልፏል» ይባላል። ያላወቀው 40 ግን የትም አይሄድም፤ በሚቀጥሉት ምዕራፎች ሥር ተቀብሮ ይቆይና ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ «ሒሳብ አይሆንልኝም» በሚል ቃል ተመልሶ ይወጣል።

ይህ አሠራር ሥር የሰደደ ነው። በአሜሪካ ከ1906 ጀምሮ የተስፋፋው የካርኔጊ ዩኒት የሚባል መለኪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድን የትምህርት ዓይነት የሚለካው በ120 ሰዓት የክፍል ቆይታ ነበር፤ የሚቆጠረው ተማሪው የተቀመጠበት ሰዓት እንጂ የጨበጠው ዕውቀት አልነበረም። የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም በ1968 ነገሩን ገልብጦ አቀረበው፦ ዕውቀቱ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ጊዜው ግን እንደየተማሪው ይለያይ። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አካሄድ ይህን ሐሳብ አንድ ወላጅ፣ አንድ መምህር ወይም ራሱን የሚያስተምር ሰው እንዴት በሥራ ላይ ሊያውለው እንደሚችል ያሳያል። ስልክና ኮምፒውተር ትልቅ እገዛ ያደርጋሉ፤ ይሁን እንጂ መነሻው እነርሱ አይደሉም።

ተማሪው የቆመበትን ቦታ መፈለግ

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው መተግበሪያ በመምረጥ ነው። በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የትኛው መሣሪያ እንደሚጠቅም የሚታወቀው ተማሪው የት ላይ እንደተሰናከለ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

አጭር የመነሻ ምዘና ያዘጋጁ። ጥያቄዎቹን ተማሪው አሁን ካለበት ክፍል ብቻ አይውሰዱ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ክፍል በታች ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ። ከ15 እስከ 20 ጥያቄ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ይበቃል። ምዘናው ውጤት የሚሰጥበት ፈተና አለመሆኑን ለተማሪው አስቀድመው ይንገሩት፤ የማያውቀውን ባዶ እንዲተወው እንጂ እንዳይገምት ይጠይቁት፤ ሰዓትም አይያዙበት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ከምዘናው ይበልጣል። አጠገቡ ይቀመጡና በተሳሳተባቸው ጥያቄዎች ላይ «እንዴት አድርገህ እዚህ ደረስክ?» ብለው ይጠይቁት፤ ሲያብራራም ሳያቋርጡ ያዳምጡት። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው 1/2 እና 1/3 ሲደመሩ 2/5 ይሆናሉ ብሎ ጻፈ እንበል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል። ይህ በችኮላ የመጣ ስሕተት አይደለም፤ ልጁ ክፍልፋይን እንደ አንድ መጠን ሳይሆን አንዱ በአንዱ ላይ እንደተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች እንደሚያየው ይናገራል። «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ቢጠይቁትና ሦስቱን ክፍልፋዮች በቁጥር መስመር ላይ ቢያስቀምጥ፣ ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮ ከግማሽ ያነሰ መልስ ማግኘቱን ራሱ ያየዋል። በአንጻሩ 1/2 እና 1/3 ሲደመሩ 4/6 ይሆናሉ ብሎ የጻፈ ልጅ መንገዱን ያውቃል፤ የሳተው ስሌት ነው። ሁለቱም ጥያቄውን ስተዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። በወጥ ፈተና ላይ ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ።

የዕውቀቱን መሰላል መሳል

ክፍተቱ ሲገኝ ከእርሱ በታች ያሉትን ደረጃዎች በወረቀት ላይ ይሳሉ። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ለመደመር አቻ ክፍልፋዮችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አቻ ክፍልፋዮችን ለማግኘት የጋራ ብዜት፣ ለጋራ ብዜት ደግሞ የማባዛት ሰንጠረዥ ይቀድማል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለት ሁለት ጥያቄ ይስጡና ተማሪው ሳያመነታ የሚመልስበትን ቦታ ይፈልጉ። ትምህርቱ የሚጀመረው እዚያ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የአራተኛ ክፍል ትምህርት መጀመሩ እንዳያሳፍረው በመሰላሉ ላይ የክፍል ቁጥር አይጻፉ፤ የርእሱ ስም ብቻ ይበቃል።

ግቡን ሲጽፉም የሚታይና የሚፈተሽ ያድርጉት። «ክፍልፋይ ይገባዋል» የሚል ግብ መድረሱ አይታወቅም፤ «ታህታቸው የተለያየ አሥር የክፍልፋይ ድምሮችን ያለ እገዛ ሠርቶ ዘጠኙን በትክክል ይመልሳል፣ አንዱንም በሥዕል ያስረዳል» የሚለው ግን ይታወቃል።

መሣሪያ መምረጥ

መሣሪያ ብቻውን እንደማያስተምር በቂ ማስረጃ አለ። በፔሩ ገጠር በሚገኙ 319 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ላፕቶፕ መታደሉን ተከትሎ የተካሄደውና በ2012 የቀረበው ጥናት፣ በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ መሻሻል አላገኘም። በሌላ በኩል በሕንድ ዴልሂ ማይንድስፓርክ የሚባለውን ሶፍትዌር በመጠቀም የተደረገውና በ2019 የታተመው ጥናት፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ለአራት ወር ተኩል ያህል የተማሩ ልጆች በሒሳብም በሂንዲ ቋንቋም ከአቻዎቻቸው በግልጽ ቀድመው መገኘታቸውን አሳይቷል። ከልጆቹ ብዙዎቹ ካሉበት ክፍል በበርካታ ደረጃዎች ዝቅ ያሉ ነበሩ፤ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ከነበረበት ደረጃ አንሥቶ አስተማረው፤ በአነስተኛ ቡድን የሚያግዝ ሰውም አብሮ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ትምህርቱ ከተማሪው ደረጃ ጋር መገጣጠሙ ይመስለኛል፤ ፔሩ ላይ ዕቃው ነበረ፣ መገጣጠሙ ግን አልነበረም።

ስለዚህ አንድ መተግበሪያ ሲቀርብልዎ ተማሪውን ከክፍሉ በታች ወዳለ ርእስ መልሶ ማስጀመር የሚችል መሆኑን አስቀድመው ይፈትሹ። ቀጥሎም መልስ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ከማለት አልፎ ለምን እንደተሳሳተ የሚያሳይ፣ እርስዎም የትኛውን ጥያቄ እንደሳተ ገብተው ማየት የሚችሉበት መሆኑን ይመልከቱ። ነጥብና ሽልማት የሚያበዛ፣ ነገር ግን በግምት ደጋግሞ በመጫን የሚታለፍ መተግበሪያ ቢቀር ይሻላል። የተማሪውን ስም፣ ዕድሜና ድምፅ የሚሰበስብ ከሆነም መረጃው የት እንደሚቀመጥና መሰረዝ ይቻል እንደሆነ ያረጋግጡ።

ሳልማን ካን በ2008 የመሠረተው ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ በነጻ የሚገኝ፣ በርእስ የተከፋፈለና መልመጃው ከቪዲዮው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለሒሳብ ጥሩ መነሻ ነው። ኢንተርኔት በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታ ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ትምህርቶችን አንድ ጊዜ ጭኖ በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ለብዙ ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት ለማዳረስ ያስችላል፤ ኪዊክስም ዊኪፒዲያን በዚሁ መንገድ ያስነብባል። አንድ ስልክ ብቻ ካለ መሰላሉን በደብተር ይዞ መልመጃውን በስልክ መሥራት ይቻላል። ምንም መሣሪያ ከሌለም ሥራው አይቆምም፤ ምዘናው፣ መሰላሉና ቀጥሎ የምናያቸው የጥያቄ ካርዶች ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃቸዋል።

የአንድ ቀን ትምህርት

ለአንድ ርእስ በቀን 40 ደቂቃ ያህል ይመድቡ። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ያለፈውን ለማስታወስ ይዋሉ፤ ደብተር ሳይገለጥ፣ ቪዲዮ ሳይከፈት። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ከሁሉም በላይ ዋጋ አለው። በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ከአእምሯቸው ለማውጣት የሞከሩት ግን 61 በመቶ ያህሉን አስታውሰዋል። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ዕውቀቱን የሚያጸናው ግን ከራስ ውስጥ ጎትቶ ማውጣት ነው።

ለዚህ ሥራ የጥያቄ ካርዶች ይረዳሉ። ጀርመናዊው ሴባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ቀላል ነው፦ አምስት ሣጥን ይዘጋጃል፤ አዲስ ካርድ መጀመሪያው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ በትክክል ሲመለስ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል፤ ሲሳት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ሣጥን በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየአራት ቀኑ ይከለሳል፤ የተቀሩትም እየራቁ ይሄዳሉ። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ነጻ የሆነው አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ካርዱ የሚከለስበትን ቀን በተመሳሳይ ሐሳብ በራሱ ያሰላል። ካርዶቹን ተማሪው ራሱ ቢጽፋቸው ይመረጣል፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ካርድ ብዙ ጊዜ ያልተማረውን የሚያስሸመድድ ይሆናል።

ቀጣዮቹ 20 ደቂቃዎች ለአዲሱ ርእስ ናቸው። ቪዲዮ ከሆነ በየሦስት ደቂቃው ይቁምና ተማሪው የሰማውን በራሱ ቃል ይናገር። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ያለ ምንም ፍንጭ ለሚሠሩ ጥቂት መልመጃዎች ያውሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀም

ብሉም በ1984 ባቀረበው ጥናት፣ ለብቻው አስጠኚ ተመድቦለት ጠንቅቆ እስኪያውቅ የተማረ መካከለኛ ተማሪ በመደበኛ ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶ የሚሆኑትን በልጦ መገኘቱን ገልጾ ነበር። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ውጤቱን ከዚያ በጣም አሳንሰውታል፤ የግል አስጠኚ እንደሚጠቅም ግን አረጋግጠዋል። ዛሬ ብዙዎች ቻትጂፒቲን የመሰሉ ፕሮግራሞች ይህን አስጠኚ ለሁሉም ያዳርሳሉ ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ተስፋው መሠረት አለው፤ አደጋውም እንዲሁ። በቱርክ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በሒሳብ ትምህርት የተደረገ ሙከራ እንዳሳየው፣ ፕሮግራሙን እንዳለ የተጠቀሙት ልጆች በልምምድ ወቅት 48 በመቶ የተሻለ ሠሩ፤ ፕሮግራሙ ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ጭራሽ ካልተጠቀሙት ልጆች በ17 በመቶ ወርደው ተገኙ። መልሱን ሳይሰጥ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ በተዘጋጀው ፕሮግራም የተለማመዱት ላይ ይህ ጉዳት በአብዛኛው አልታየም።

ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ተማሪው ፕሮግራሙን ከመክፈቱ በፊት ጥያቄውን በወረቀት ይሞክር። ፕሮግራሙን ሲከፍት የመጀመሪያ ትእዛዙ እንዲህ ይሁን፦ «መልሱን አትንገረኝ። የሠራሁትን ተመልከትና የት ላይ እንደተሳሳትኩ በአንድ ጥያቄ ብቻ አመልክተኝ።» ፕሮግራሙ የሐሰት ነገር በልበ ሙሉነት ሊናገር ስለሚችል፣ ያገኘውን ማብራሪያ ከመጽሐፍ ጋር ያስተያይ። በመጨረሻም ፕሮግራሙን ዘግቶ ተመሳሳይ ጥያቄ ብቻውን ይሥራ፤ ይህን ካላደረገ ተምሯል ማለት አይቻልም።

መቼ ወደፊት መሄድ?

ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 በመቶ በትክክል መመለስ ለመሻገር ይበቃል ተብሎ ይወሰዳል። እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ምዘናው በተማረበት ቀን ሳይሆን ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ይደረግ። ካላለፈ ያንኑ ማብራሪያ ጮክ ብሎ መድገም አይጠቅምም፤ በሥዕል፣ በሚዳሰስ ነገር ወይም በሌላ ምሳሌ ይሞከር። ሁለት ጊዜ ከወደቀ ከመሰላሉ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበሉ።

እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ለተማሪ በልኩ ማስተማር ማለት «ይህ ልጅ በማየት፣ ያኛው በመስማት ይማራል» ብሎ መክፈል አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 ባደረጉት ግምገማ፣ ትምህርትን በዚህ ዓይነት ዘይቤ መለየት ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። መለየት ያለበት የመነሻው ቦታ፣ ፍጥነቱና የእገዛው መጠን ነው።

እንዲሁም ሁሉንም ነገር ለብቻ ማድረግ ልጁን ይጎዳዋል። ክርክር፣ የቡድን ሥራ፣ ጮክ ብሎ ማንበብና የሌላውን ስሕተት ማረም ሰው ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከሌሎች ጋር የሚማርበት ሰዓት ይኑረው። የመደበኛው ትምህርት ቤት ፈተና የሚጠብቀው ከሆነም ከፈተናው ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው የቆዩ ፈተናዎችን በሰዓት ያለማምዱት፤ ያወቀውን ልጅ የፈተናው መልክ እንግዳ ሆኖበት እንዳይጥለው።

መሰላሉን በየወሩ ከተማሪው ጋር ይከልሱ። በመጀመሪያው ወር ቀጣዩን ርእስ እርስዎ ይምረጡ፤ በሁለተኛው ወር ሁለት አማራጭ አቅርበው ይምረጥ፤ በሦስተኛው ወር እስክሪብቶውን ለእርሱ ይስጡትና ቀጣዩን ደረጃ፣ የሚፈጅበትን ጊዜና ማወቁን የሚያረጋግጥበትን ጥያቄ ራሱ ይጻፍ።