«ከነዳጅ ጥገኝነት ተላቀናል» ሲሏችሁ ምን ትፈትሻላችሁ? አንጎላን እንያት

«ኢኮኖሚያችን ከነዳጅ እየተላቀቀ ነው» የማይል የነዳጅ አገር መንግሥት የለም። የአንጎላው ፕሬዚዳንት ጆአዎ ሎሬንሶም እ.ኤ.አ. በ2017 ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ይህንኑ ይላሉ። ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ግን በዜናው ብቻ ከማጨብጨብ ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ መቶኛውን አትመኑ። «የነዳጅ ድርሻ ቀነሰ» ማለት ወይ ሌላው ዘርፍ አድጓል፣ ወይ ነዳጁ ራሱ ወርዷል ማለት ነው። አንጎላ በ2008 አካባቢ በቀን ወደ 2 ሚሊዮን በርሜል ታወጣ ነበር። ዛሬ ግማሹን ትንሽ ብታልፍ ነው። ጉድጓዶቹ አርጅተዋል። ስለዚህ አንድም ገበሬ አንድ ኩንታል ሳይጨምር የነዳጅ ድርሻ ወረቀት ላይ ይቀንሳል። በ2023 መጨረሻ ከነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር ከኦፔክ እወጣለሁ ያለችውም በምርት ኮታ ተጣልታ ነው፤ ነዳጅ በቃኝ ብላ እንዳይመስላችሁ።

ቀጥሎ የኤክስፖርቱን ዝርዝር ክፈቱ። አገሪቱ ከውጭ ንግድ ከምታገኘው 10 ዶላር 9ኙ ገደማ አሁንም ከነዳጅና ጋዝ ነው። ከቀረው ላይ ደግሞ አልማዙን ቀንሱ። «ነዳጅ ያልሆነ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ይገባል እንጂ እሱም ከመሬት ተቆፍሮ የሚሸጥ ነው። የሚተርፈው ነው የልፋቱ ውጤት።

እዚህ ላይ ቡናን ማየት ደስ ይለኛል፣ ያው ሐበሻ ነኝ። አንጎላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ200,000 ቶን በላይ ቡና ታመርት ነበር። በዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዷ ነበረች። በ1975 ነፃነት ሲመጣ የእርሻዎቹ ባለቤት የነበሩት ፖርቱጋሎች ወጡ። ከዚያ እስከ 2002 የዘለቀ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፣ እርሻው ጫካ ሆነ። ዛሬ የምታመርተው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። «ግብርና አድጓል» ሲሏችሁ ከአምናው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚያ ዘመን ጋርም አስተያዩት።

ዋናው ፈተና ግን ነዳጅ ሲወደድ ነው። ዋጋው ሲወድቅ ሁሉም ስለ እርሻ ያወራል፣ በ2016 መጀመሪያ በርሜሉ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ ያልተሰበከ የለም። ሲወደድስ? በ2022 ዋጋው ሲንር ዶላር እንደ ልብ ገባና የአገሩ ገንዘብ ክዋንዛ ጠነከረ። አሁን መሃል አገር፣ ሁዋምቦ ያለውን ገበሬ አስቡት። ድንቹን በመኪና ጭኖ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዋና ከተማዋ ሉዋንዳ ሲደርስ፣ በርካሽ ዶላር ተገዝቶ ወደብ ላይ ከሚራገፈው ምግብ ጋር ነው የሚፎካከረው። የትራንስፖርቱን ወጪ ሲጨምርበት አያዋጣውም። በ2023 አጋማሽ ደግሞ ክዋንዛ በሳምንታት ውስጥ ተንኮታኮተ። የውጭ ዕቃ ተወደደ፣ ለገበሬው በሩ ተከፈተ፣ ከተሜው ግን ኑሮው ናረበት። የእኛ ብር በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ነዳጅ በተወደደበት ዓመትም የአገር ውስጥ ምርት ገበያውን ካልለቀቀ፣ ያኔ ለውጥ አለ በሉ።

የሎቢቶን ባቡርም ብዙ ስለሚወራለት በጥንቃቄ እዩት። ከአትላንቲክ ወደብ እስከ ኮንጎ ድንበር 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አሜሪካም ገንዘቧን ይዛ ገብታበታለች። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ምን ይጭናል? የኮንጎ መዳብ ብቻ ከሆነ አንጎላ የመተላለፊያ ክፍያ አገኘች ማለት ነው፣ ሌላ ምንም። የመሃል አገሩን በቆሎና ባቄላ መጫን ከጀመረ ሌላ ታሪክ ነው።

የነዳጅ ድጎማውንም አትርሱ። በ2023 ድጎማው ተቀንሶ አንድ ሊትር ቤንዚን በአንዴ ከ160 ወደ 300 ክዋንዛ ሲገባ ሁዋምቦ ውስጥ በተነሳው ተቃውሞ ሰው ሞቷል። ድጎማ ማንሳት ለመንገድና ለመስኖ ገንዘብ ያስተርፋል ይባላል፤ እሺ፣ በቀጣዩ ዓመት በጀት ላይ መንገዱና መስኖው ምን ያህል እንደተጨመረላቸው እዩ።

ይህንኑ ፍተሻ ለናይጄሪያም ለጋቦንም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ለጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። በየካቲት 2024 በሱዳን በኩል የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ሲፈነዳ የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ደመወዝ አላየም።