የጄሪካን ማዘንበያ ለምትሠሩ ተማሪዎች

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን ከቤት አይጠፋም። ለዲዛይን ፕሮጀክት ማዘንበያ (ጄሪካኑን ሳያነሱ አዘንብሎ ውሃ ለመቅዳት የሚያገለግል መቆሚያ) ልትሠሩለት ካሰባችሁ፣ ብረት ከማስበየዳችሁ በፊት በሞራሌ እንጨት ሞክሩት።

ዋናው ጉዳይ ጄሪካኑ የሚቀመጥበት መያዣ የሚዞርበት ቡሎን ከፍታ ነው። የሞላ ጄሪካን 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የክብደቱ መሃል ደግሞ ከቁመቱ አጋማሽ ብዙም አይርቅም። ቡሎኑ ከዚያ ዝቅ ካለ ጄሪካኑ ገና ሲነካ ይገለበጣል፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ለማዘንበል ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ብቻ አትብሱ። በመያዣው ግራና ቀኝ፣ ከጄሪካኑ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ላይ፣ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ አራት አራት ቀዳዳ አውጡና ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን እያፈራረቃችሁ ሞክሩ። ስትለቁት በራሱ ቀጥ ብሎ የሚመለስበት ዝቅተኛው ቀዳዳ ትክክለኛው ነው። ሙሉውንም ግማሹንም ፈትኑ፤ በባዶ ጄሪካን የተደረገ ሙከራ ምንም አይነግራችሁም (ለፎቶ ካልሆነ በቀር)።

የፊት እግሮቹ ጄሪካኑ ሲያዘነብል አፉ ከሚደርስበት አልፈው ይውጡ፣ አለዚያ ከነመቆሚያው ይወድቃል። ጄሪካኑ ወደፊት እንዳይንሸራተት በከመነዳሪ ቁራጭ እሰሩት። ቱቦላሬ ብረት የሚገዛው ልኩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።