ጠፍጣፋ ወታደር ሰልፉን ሲያበላሽ፦ ችግርና መፍትሔ

በጠረጴዛ ላይ የጦር ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ዝግጁ ጠፍጣፋ ወታደርን፣ ማለትም በመቆሚያ ላይ የሚተከለውን ስስና ትንሽ የወታደር ምስል፣ የሚወዱት በሁለት ነገር ነው፦ ቦታ አይፈጅም፣ ቀለም ቀቡኝም አይልም። ዘሩ የቆየ ነው። የጀርመኗ ኑርንበርግ ባለሙያዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቆርቆሮና እርሳስ የተባሉትን ብረቶች እያቀለጡ ጠፍጣፋ ወታደሮችን ይሠሩ ነበር፤ ሰብሳቢዎችም 30 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለውን ምስል እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠሩታል። አሁን በዝግጁነት የሚሸጠው በአብዛኛው በሁለት ገጹ የታተመ አክሪሊክ (ብርሃን አስተላላፊ ጠንካራ ፕላስቲክ) ወይም ካርቶን ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ሕመም አላቸው። እኔ እንደማየው ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የምስሉ ሳይሆን የመቆሚያው፣ የሙጫው ወይም የሣጥኑ ነው።

ጦሩ ከአንድ ወገን ሲታይ ይጠፋል

ከፊት ሲያዩት የተሟላ ሻለቃ ነው፤ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ዞር ሲሉ በእንጨት ላይ የተተከለ የምላጭ ረድፍ ይሆናል። ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ነገር ሌላ አይጠበቅም። ነገሩ የሚባባሰው ግን ሁሉም ምስሎች በአንድ መስመርና በአንድ አቅጣጫ ሲተከሉ ነው። የኋላውን ረድፍ በፊተኛው ክፍተት ውስጥ ያቁሙት፤ ከዚያ ምስሎቹን አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዙሯቸው። ምስሉ የሚሰካበት ስንጥቅ ቀድሞ የተቆረጠለት መቆሚያ ይህን አይፈቅድም። በዚህ ጊዜ ሁለት ወፍራም ካርቶን ደርቦ የራስን መቆሚያ መሥራትና ስንጥቁን ሰያፍ መቁረጥ ይሻላል። ድካሙ ያዋጣል፤ ከዚህ የበለጠ መልክ የሚቀይር ማሻሻያ አላውቅም።

የቆርቆሮው ምስል ጉዳይ የተለየ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የተቀረጸው ከጎን ነው፤ ወታደሩ ጠመንጃውን አንግቶ ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ ሲራመድ ያሳያል። ፊቱን ወደ ጠላት ካዞሩት ሁለቱም ተጫዋቾች ጠርዙን ብቻ ያያሉ። ሰፊውን ገጹን ካሳዩት ደግሞ ሻለቃው ውጊያውን ትቶ ወደ ጎን የሚሄድ ይመስላል። 45 ዲግሪ ገደማ ሰያፍ አድርጎ ማቆም ሁለቱን ያስታርቃል። የመቆሚያውን የፊት ጠርዝ በሌላ ቀለም መቀባትም አይዘንጋ። ያለዚያ «ይህ ጦር ወዴት ነው የሚያየው?» የሚለው ክርክር ከራሱ ከጨዋታው ይረዝማል።

ምስሉ ከስንጥቁ ይወድቃል፣ ወይም አልገባም ይላል

ምክንያቱ ውፍረት ነው። ሁለት የአክሪሊክ ሰሌዳዎች ላይ አንድ ቁጥር ቢጻፍም እርስ በርሳቸው ትንሽ ይለያያሉ፤ የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) መቆሚያ ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። አልገባም ያለውን በጉልበት አይግፉት። ከእግሩ ሥር ያለችውን ምላስ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ዳበስ ማድረግ ይበቃል። ስንጥቁን ማስፋት ግን አይመከርም፤ አንዴ ከሰፋ አይመለስም። ለላላው ደግሞ በስንጥቁ ውስጥ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ከነጭ የእንጨት ኮላ ጋር ማስገባት ነው።

ሲያስገቡ አያያዙን ይጠንቀቁ። ጭንቅላቱን ወይም ጠመንጃውን ይዞ የሚጫን ሰው ሳንጃ ይሰብራል። ጣት የሚያርፈው ከጉልበት በታች ነው። ከሰሌዳው ሲያወጡም አያጣሙት፤ የሚያያይዙትን ጥቃቅን ድልድዮች በስለት ይቁረጧቸው።

አክሪሊኩ ጭጋግ ለብሷል

ጭጋጉ መላውን ምስል የሸፈነ ከሆነ፣ መከላከያ ፕላስቲኩ ሳይላጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ኅትመቱ ደበዘዘ ብሎ ለሻጩ የቁጣ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት በጥፍር አንዱን ጥግ መሞከር ነው።

ነጩ ነገር እግሩ አካባቢ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ሱፐር ግሉ ነው። ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት በአክሪሊኩ ላይ አርፎ ነጭ ይሆናል፤ አየር በሌለበት ወይም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይብሳል። ትንሽ ዘይት በነካ የጥጥ ጫፍ ማሸት አብዛኛውን ይደብቀዋል። አሴቶን ፈጽሞ አይንካው፣ አክሪሊክን ያቀልጣል። አልኮልም የተቆረጠውን ጠርዝ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ሊሞላውና ኅትመቱን ሊያነሳው ይችላል። ለወደፊቱ ነጭ ኮላ ይጠቀሙ፤ ለመድረቅ ይዘገያል እንጂ አያጨስም።

የመብራት ነጸብራቅ ላስቸገረው አምፖሉን ወደ ጎን ማዛወር ይቀላል። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ መንፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን በምስሉ ዙሪያ ያለውን ብርሃን አስተላላፊ ጠርዝም ስለሚያደበዝዝ በአንድ ትርፍ ምስል ላይ መሞከር ይቅደም።

የካርቶኑ ወታደር ጎብጧል

ውኃ ያለበት ሙጫ በአንድ ገጽ ብቻ ተቀብቷል፣ ወይም ምስሉ እርጥበት ጠጥቷል። በከባድ መጽሐፍ ሥር ማሳደር፣ ከዚያ ሁለቱንም ገጽ በእኩል ቫርኒሽ መንፋት ነው።

አሮጌው የቆርቆሮ ጦር ነጭ ዱቄት አውጥቷል

ብዙ ሰው «የቆርቆሮ በሽታ» ይለዋል። እሱ ግን ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለረጅም ጊዜ የቆየ ንጹሕ ቆርቆሮን የሚያጠቃ ነው፤ የተቀላቀለው እርሳስ ደግሞ ይከላከለዋል። ነጭ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእርሳሱ ነው። የኦክ እንጨትና የኤምዲኤፍ ሣጥን የሚያወጣው የአሲድ ትነት እርሳሱን ይበላዋል። ምስሎቹን ወደ ብረት ሣጥን ያዛውሩ፣ ደረቁን ዱቄት እፍ አይበሉ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ከሕፃናትም ያርቁ። ዱቄቱ መርዝ ነውና በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የጨዋታው ደንብ የሞተውን ምስል አንሱ ይላል፣ ምስሉ ግን ተጣብቋል

ደንቡ የተጻፈው አንድ አንዱ ለብቻው ለሚቆም ወታደር ሲሆን ይህ ይከሰታል። ምስል ከመንቀል ይልቅ ከመቆሚያው ኋላ ትንሽ ዳይስ አስቀምጦ የሞተውን መቁጠር ይበቃል። የመቆሚያው ስፋት ከደንቡ ጋር ካልገጠመ ደግሞ መቆሚያዎቹን በልክ በተቆረጠ አንድ ካርቶን ላይ ማሰለፍ ነው፤ ርቀት የሚለካውም ከካርቶኑ ጠርዝ እንጂ ከሳንጃው ጫፍ እንዳይሆን ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ዳይስ ሳይጣል ይስማሙ።