ኳሱ የእኛ፣ ጎሉ የእነሱ፦ ለቀጣዩ ተጋጣሚ ዝግጅት፣ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ለአሰልጣኞች፣ ለምክትሎቻቸውና "ሂድና ተጋጣሚያችንን እይልን" ተብለው ለሚላኩ ልጆች ነው። አሰላለፍ መመዝገብ፣ ቅጣት ምት መቺውን መለየት፣ በካርድ የማይሰለፈውን ማጣራት ታውቁበታላችሁ። እሱን አልፈዋለሁ።

ስለ ቪዲዮ ግን ሳልናገር አላልፍም። የጎሎች ቅንጭብ አይታችሁ "ተጋጣሚውን አይቼዋለሁ" አትበሉ። ቅንጭብ ላይ ተጋጣሚው ኳስ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ አይታይም። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ2020/21 በቀጥታ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ ጨዋታ ማግኘት ቀሏል። በታችኞቹ ሊጎች ግን ያለን በስልክ የተቀረጸ ነው። ቀራጩን እባካችሁ አሠልጥኑት። በመሀል መስመሩ ትይዩ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቁም። ስልኩን አግድም ይያዝ። ዙም አያድርግ። በድጋሚ እላለሁ፣ ዙም አያድርግ! ኳሷን እያሳደደ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ከኳሷ የራቁት ተጫዋቾች አይታዩም። እኛ ደግሞ የምንፈልገው እነሱን ነው። ጎል ሲገባ ስልኩን ይዞ የሚዘልል ቲፎዞም አትላኩ።

ኳስ መስርተን መውጣት አቃተን

ምልክት፦ ከበረኛችን የተነሳች ኳስ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቅብብል ላይ ትነጠቃለች።

ምክንያት፦ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመልስ ምትን የፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ውስጥ መቀበል ተፈቅዷል። ስለዚህ ሁሉም ቡድን ሁለት የመሀል ተከላካዮቹን በረኛው ግራና ቀኝ ያቆማል። ተጋጣሚም ይህን ስለሚያውቅ አድፍጦ ይጠብቃል። ጫናው ግን ዝም ብሎ አይነሳም፤ የሚነሳበት ሰዓት አለው። አብዛኛውን ጊዜ የመስመር ተከላካያችን ፊቱን ወደ ራሳችን ጎል አዙሮ ኳስ ሲቀበል ነው። ወይም ኳስ ወደ በረኛው ስትመለስ። ወይም አንዱ ኳሷን ሲቀበል ከእግሩ ስታመልጠው።

መፍትሄ፦ ቪዲዮው ላይ ኳሷን ተዉና መጀመሪያ ለጫና የሚሮጠውን ሰው ተከተሉ። እሱ ትቶት የመጣው ቦታ መውጫችን ነው። የመስመር አጥቂያቸው ወደ መሀል ተከላካያችን ከሮጠ የመስመር ተከላካያችን ነጻ ነው። በቀጥታ ኳስ ብንሰጠው ግን ትቆረጣለች። በአማካዩ በኩል፣ በአንድ ንክኪ ናት የምትደርሰው። ይህን ደጋግማችሁ አለማምዱ።

ሰው በሰው ከያዙን ያለን ነጻ ሰው በረኛው ብቻ ነው። ያኔ ፊት ላይ አጥቂዎቻችን ከተከላካዮቻቸው ጋር አንድ ለአንድ ቀርተዋል ማለት ነው፤ ረጅም ይምታ። ረጅም ኳስ ነውር አይደለም። ቲፎዞው "ኳስ በመሬት!" ይበል፤ የሚሰናበተው አሰልጣኙ እንጂ ቲፎዞው አይደለም። ኳሷ ከመመታቷ በፊት ግን ሁለቱ አማካዮች ተመልሳ የምትወድቅበት ቦታ አጠገብ መድረስ አለባቸው። ከተመታች በኋላ ከተነሱ አልደረሱም።

የቆመ ኳስ

በቅጣት ምትና በማዕዘን ምት ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ እዩ፦ ኳሷ የምትወርድበትን ቦታና መንገድ የሚዘጋውን ሰው። ብዙ ጊዜ በጭንቅላት የሚያገባው ልጅ ብቻውን አይዘልም። ጓደኛው የእኛን ተከላካይ ደረቱን ሰጥቶ ያግድለታል። ለአጋጁም ሰው መድቡለት። ረጅም የእጅ ውርወራ ያለው ቡድን አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ከእጅ ውርወራ በቀጥታ የሚመጣ ኳስ ኦፍሳይድ እንደሌለው ተከላካዮቻችሁን ጠይቁ፣ የማያውቅ አይጠፋም።

ዋናው በሽታ፦ ብልጫ ወስደን እንሸነፋለን

በየከተማው፣ በየሊጉ ደግሜ ደጋግሜ የማገኘው ይህንን ነው።

ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኳሱ እኛ ጋ ነው። ቅብብሉ ያምራል። ተጋጣሚው ከራሱ ሜዳ አልወጣም። ከዕረፍት በኋላ አንድ ኳስ ይነጠቃል። ሁለት ቅብብል፣ አንድ ሩጫ፣ መረብ ላይ! ከጨዋታው በኋላ "ብልጫው የእኛ ነበር፣ ዕድል ግን አልቀናንም" ይባላል። የዕድል ጉዳይ አይደለም። ኳሱን የተወልን ራሱ ፈልጎ ነው። የእሱ ጥንካሬ የሚጀምረው እኛ ኳስ ስንይዝ ነው።

በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ጃፓን ስፔንን 2ለ1 ስታሸንፍ ኳሱን የያዘችው ከመቶ 18 ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ውድድር ስፔን ሞሮኮ ላይ ከ1000 በላይ ቅብብል አድርጋ፣ 120 ደቂቃ ተጫውታ፣ ጎል ሳታገባ በመለያ ምት ተሰናበተች።

እኛን የሚያመን ግን የራሳችን ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ያየው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2013፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ከተማ፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር። 1ለ0 እየተመራን ሳለ የእነሱ በረኛ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ወጣ። ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀር ነበር። ሁሉም "አሁን ነው!" አለ። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ10 ሰው የቀሩት ቡርኪናዎች ሦስት ጎል ጨመሩብን። 4ለ0። እኛ ወደ ፊት ነቅለን ስንወጣ ከኋላችን ያለው ሜዳ ሁሉ የእነሱ ሆነ። የሚያስቆጨው ደግሞ ከአራት ቀን በፊት እኛው ራሳችን በ10 ሰው ቀርተን ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1ለ1 መውጣታችን ነው። በጎደለ ሰው ተሰብስቦ መጫወት ምን ያህል እንደሚያዋጣ አይተነው ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ተጋጣሚ ቀድሞ ለማወቅ የማዕዘን ምት ሲከላከል እዩት። ሁሉም ሰው ወደ ጎሉ ገብቶ አንድ ፈጣን ልጅ መሀል መስመሩ አካባቢ ከቀረ መልሱ ያ ነው። ከዚያ ኳስ ሲነጥቁ የመጀመሪያዋ ቅብብል ወዴት እንደምትሄድ መዝግቡ። የሙሉ ጨዋታውን መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ሰውና ወደ አንድ ጎን ትበዛለች። አጥቂው ከመሀል ተከላካዮቹ የትኛው አጠገብ እንደሚቆምም እዩ። ዘገምተኛውን መርጦ ነው የሚቆመው።

ወደ ምክንያቱ ስንመጣ ሁሉም "ፈጣን አጥቂ ስላላቸው ነው" ይላል። ፈጣን አጥቂ የሌለው ቡድን የት አለ? ጥፋቱ ኳስ በተነጠቅንባት ቅጽበት እኛ የቆምንበት ቦታ ነው። የአንድ የታችኛው ሊግ ቡድን አሰልጣኝ በተከታታይ በመልሶ ማጥቃት እየተቆጠረበት ተከላካዩን ሊቀይር ተነስቶ ነበር። አብረን ተቀምጠን ቪዲዮውን ኳሷ በተነጠቀችባት ሰከንድ ላይ አቆምናት። ሁለቱም ተመላላሾች፣ ማለትም የመስመር ተከላካዮቹ፣ የተጋጣሚው ማዕዘን አጠገብ ናቸው። የተከላካይ አማካዩን ፈለግነው። የተጋጣሚው የፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ገብቶ፣ እጁን አንስቶ ኳስ እየለመነ ነው! ከኋላው ሁለት ተከላካይ ከሁለት አጥቂ ጋር፣ መሀላቸው የተንጣለለ ባዶ ሜዳ። ሌላውን ጎል ከፈትን፤ ያው ነው። ሦስተኛውንም ከፈትን፤ ያው ነው። የተቀየረው በመጨረሻ ተከላካዩ ሳይሆን የአማካዩ መቆሚያ ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት የመነጠቂያ ቦታዎች አሉ። አንዱ በተጨናነቀው መሀል የምትሰነጠቅ ኳስ ናት። ስትቆረጥ ሁላችንም ከኳሷ ፊት ነን። ሁለተኛው የራሳችን የማዕዘን ምት ነው። ተጠልዛ ክልሉ ጫፍ ላይ ስትወድቅ የእኛ ሰው ከሌለ ከዚያች ኳስ የሚነሳው ማጥቃት ከሁሉም የከፋ ነው። ማዕዘን ስትመቱ ክልሉ ጫፍ ላይ አንድ፣ ከኋላ ደግሞ ከአጥቂዎቻቸው በአንድ የሚበልጥ ሰው ይቁም። እነሱ አንድ ከተዉ እኛ ሁለት። እነሱ ሁለት ከተዉ እኛ ሦስት። ድርድር የለውም።

አሁን መፍትሄው። አንዱ ተመላላሽ ሲወጣ ሌላው ይቀራል። ቀላል ይመስላል፤ በ80ኛው ደቂቃ 0ለ0 ሲሆን ግን ቲፎዞው እየጮኸ ማንም አይቀርም። ስለዚህ በስም ይነገረው፦ "ግራው ከሄደ አንተ ነህ የምትቀረው።" የተከላካይ አማካዩ ሁልጊዜ ከኳሷ ኋላ ነው። የቀረው አጥቂያቸው ላይ አንድ ሰው ከፊቱ፣ አንድ ከኋላው ይቁም። ሁለቱም ከኋላው ከቆሙ ኳሷን ፊቱን አዙሮ ይቀበላታል፤ ከዚያ በኋላ ማባረር ብቻ ነው።

ኳስ ስትነጠቅ ቅርብ ያለው ሰው አምስት ሰከንድ ሙሉ ኃይሉን ያውጣ። ቆሞ እጅ ማወናጨፍ፣ ዳኛ ማየት፣ ጓደኛን መውቀስ የለም። እጁን የሚያወናጭፍ የመስመር አጥቂ ካላችሁ ያን ጨዋታ ከተቀያሪ ወንበር ይጀምር።

በአምስት ሰከንድ ካላስመለሱ ወደ ኋላ ይሰብሰቡ፤ ወይም እነሱ ሜዳ ላይ እያለች በትንሽ ጥፋት ጨዋታውን ያቁሙ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ! ጥፋት የሚሠራው በእነሱ ሜዳ፣ ገና ሲነሱ ነው። የመጨረሻ ሰው ሆኖ መጎተት ቀይ ካርድ ነው። በካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2022፣ ከኬፕ ቨርዴ ጋር በ12ኛው ደቂቃ ሰው ጎደለብን። የቀረውን ጨዋታ ሁሉ በ10 ሰው ተጫውተን 1ለ0 ተሸነፍን። ሁለተኛ ጥንቃቄ፦ ቢጫ ያለበት ልጅ ይህን ሥራ አይሥራ። ሦስተኛ፦ አማካዩ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቢጫ ካየ በዕረፍት ሰዓት ስለ ቅያሪው አስቡ። አራተኛ፦ ማጥቃቱ መጨረሻ ይኑረው። ወደ ውጪ የወጣች ምት ከተነጠቀች ቅብብል በብዙ ትሻላለች። ከወጣች ተመልሰን እንቆማለን።

እስካሁን ያልነው ጎል እንዳይገባብን ነው። የእነሱ ድክመትስ? ኳስ ሲሰጣቸው ይቸገራሉ። የመሀል ተከላካዮቻቸው ኳስ ይዘው እንዲወጡ አልለመዱም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ኳሱን ተዉላቸው። ወደ ኋላ ሸሽታችሁ ጠብቋቸው፤ ሲወጡ ክፍተቱ ይታያል። ይህን ስመክር የሚቆጡኝ አሰልጣኞች አሉ። "እኛ ኳስ ተጫዋች ነን" ይላሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ብሔራዊ ቡድናችን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2ለ0 ስናሸንፍ ሁለቱም ጎሎች የገቡት በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ወጥቶ የመምጣቱ ጣጣ የግብፅ ሆነ። ሞሮኮም በኳታር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ የተቆጠረባት ጎል የራሷ ተጫዋች ያገባው ብቻ ነበር። ፈረንሳይ ግን በ5ኛው ደቂቃ አገባችባትና ለመውጣት ተገደደች። ተሰብስቦ ለሚጠብቅ ቡድን የጨዋታው መጀመሪያ ወሳኝ ነው። መስመሩን ሳያስተካክል በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፈጥናችሁ ግቡበት።

ካልሆነ ደግሞ በአንድ ጎን አምስት ስድስት ቅብብል አድርጉና ሁሉም ወደዚያ ሲሳብ በአንድ ረጅም ኳስ ወደ ሌላው ጎን ለውጡት። የመስመር ተከላካያቸው ሲወጣ በእሱና በመሀል ተከላካዩ መካከል ባለው ክፍተት አማካያችሁ ይሩጥ። ከመስመሩ ጫፍ ኳሷ ወደ ኋላ ትመለስ፣ በመሬት። በቁመት ከሚበልጧችሁ ተከላካዮች ራስ ላይ ክሮስ ማዝነም ግን ኳሱን በእጅ እንደማስረከብ ነው። አቁሙት።

ሌሎች፣ በአጭሩ

ተጋጣሚው ከዕረፍት በኋላ ከወደቀ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አየሩ ነው። ከደጋ መጥቶ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ የሚጫወት ቡድን ጫናውን እስከ መጨረሻው አይዘልቀውም፤ ፈጣን ተቀያሪዎቻችሁን ለዚያ ሰዓት አቆዩ። በሦስት ተከላካይ ከተጫወተ ከተመላላሾቹ ጀርባ ግቡ። በረኛው ክልሉን ለቆ የሚወጣ ከሆነ ከሩቅ ሞክሩ፤ ግን በዚህ ላይ ዕቅድ አትገንቡ።

ያጠናነው ቡድን ሳይመጣ ሲቀር

ይህም ያጋጥማል። አሰልጣኙ ተቀይሯል፣ ወይም ተጋጣሚው እኛንም አጥንቶ መጥቷል። ስለዚህ ተቀያሪ ወንበሩ ላይ አንድ ሰው መድቡ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ኳሷን አይከተል። ሦስት ነገር ይይ፦ ጫናው ከየት ይጀምራል? ኳስ ሲነጥቁ መጀመሪያ ለማን ይሰጣሉ? ማዕዘን ሲከላከሉ ስንት ሰው ፊት ይተዋሉ? ያየው ነገር ጥናታችንን ከጻፍንበት ወረቀት ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ ጨዋታው ሲቆም አምበሉ ተጠርቶ ይነገረው። ዕረፍት አይጠበቅም።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ይሁን። ሃያ ገጽ ትንተና ለተጫዋች የሚሰጥ አሰልጣኝ አይቻለሁ፤ ልጆቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠውበታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በስሙ። መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ስትወጡ ደግሞ ንቀሉት። እኛ ከእኛ በፊት ክፍሉን የተጠቀመ ቡድን የረሳውን ወረቀት ሙሉውን አንብበናል፤ ማን በማዕዘን ምት ጊዜ ከኋላ እንደሚቀር ሳይቀር በስም ተጽፏል። ያ ቡድን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጋጣሚያችን ነበር።